ከገና በፊት የሕፃናትን ጨዋታ ወደ ፀሐይ ማውጣት

በታኅሣሥ ውርጩ በደብረ ማርቆስና በጮቄ ተራራ ዙሪያ ሲበረታ፣ ድክ ድክ የሚል ልጅ ያላቸው ብዙ ወላጆች ልጁ ለበዓል እንዳይታመም በመስጋት ከእኩዮቹ ፈጽሞ ይለዩታል፤ አለዚያም በር ተዘግቶ ቡና በሚፈላበት ክፍል ከብዙ ልጆች ጋር ያጫውቱታል። ከሁለቱም የሚሻል መንገድ አለ። ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጨዋታውን ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በግቢ ውስጥ አድርጉት፤ የጨዋታ ጓደኞቹም ሁልጊዜ እነዚያው አንድ ወይም ሁለት የጎረቤት ልጆች ይሁኑ። ሲመለስ ዳቦውን ከመጨበጡ በፊት እጁን በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በሳሙና እጠቡት።

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ከሳልና ከማስነጠስ የሚወጣው ብናኝ ሲከማች፣ ደጅ ግን ነፋስ ይበትነዋል። የጉንፋን ምልክት ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን፣ የኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ከ1 እስከ 4 ቀን ቆይቶ ስለሚታይ፣ በተለይ የመጨረሻውን ሳምንት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚከብደው የዘመድ ስሞሽ ነው፤ እንግዳው እንዳይከፋው በአክብሮት «እባክዎ፣ ጉንጩን ትተው እግሩን ይሳሙልኝ» ማለት ይበቃል።

ልጁ ትኩሳት ወይም ሳል ከያዘው ግን ለራሱም ለጓደኞቹም ሲባል ቤት ይዋል፤ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም መጥባትና መጠጣት እምቢ ካለ፣ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።