ላፕቶፑ ጨልሞ፣ ስልክ የሚያነሳው ሰው «ፎርማት ያድርጉት» ሲላችሁ

ደሴ ተቀምጦ ከአዲስ አበባ የተገዛ ላፕቶፕ ሲበላሽ ጣጣው እጥፍ ነው። ሻጩ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው፤ በስልክ የሚያነጋግራችሁ ሰው ደግሞ ዕቃውን አያየውም። ስለዚህ ከመደወላችሁ በፊት ብልሽቱ የት እንዳለ ራሳችሁ ለዩት። እኔ ይህን ያወቅኩት ሦስት ሳምንት በስልክ ከተንከራተትኩ በኋላ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲህ እንዲንገላታ አልፈልግም።

ጭራሽ አልነሳም ካለ

መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ መጀመሪያ የሚመታው ቻርጀሩን ነው። ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር ሞክሩት። ደህና ከሆነ ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ አውጡት፣ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ከዚያ በቻርጀሩ ብቻ አስነሱት። አሁንም ካልሆነ ከጎረቤት ቻርጀር ተዋሱ፤ ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ከራሳችሁ ጋር አንድ ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን። ጫፉ ስለገጠመ ብቻ አትሰኩ።

ባትሪው አብጦ የመዳፊቱን ቦታ ወደ ላይ ከገፋው ግን ሌላ ሙከራ የለም። አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉ፣ አትጫኑት።

ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ከጠፋ

ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው፤ ኮምቦልቻ ላላችሁ ደግሞ ይብሳል። ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት፣ ማራገቢያውን ከአቧራ አስጠርጉ።

ተነስቶ ስክሪኑ ከጨለመ ወይም ከተርገበገበ

የእኔ ይሄ ነበር። ስደውል «ዊንዶውሱ ነው፣ ፎርማት ያድርጉት» አሉኝ፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። አደረግኩት፣ አልተለወጠም። በድጋሚ ስደውል ሌላ ሰው አነሳና ያንኑ ደገመልኝ። በመጨረሻ እዚሁ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሳይፈታው ክዳኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ገፋው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ምስሉ መጣ፣ ትንሽ ሲያልፍ ጠፋ። «ያረቢ! ለዚህ ፎርማት ምን ይሠራለታል? ማጠፊያው ጋ ያለው ኬብል ነው» አለኝ። ዋስትናው እንዳይበላሽብኝ ብሎ አልፈታውም፤ ገንዘብም አልተቀበለኝም።

እናንተም እንዲህ ለዩት። ክዳኑ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ከመጣና ከሄደ ኬብል ነው። በስልካችሁ መብራት ስታበሩበት ምስሉ ደብዝዞ ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ መብራት ነው። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ስታገናኙት ቴሌቪዥኑ ላይ ጥርት ካለ የተበላሸው የውስጡ ዋና ቦርድ ሳይሆን ስክሪኑ ወይም ኬብሉ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ የራሱ ማስተካከያ ገጽ ነው፦ ሲነሳ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ደጋግማችሁ ጫኑ። ዊንዶውስ እዚያ ገና አልተነሳም፤ እዚያም ከተርገበገበ ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም።

በስልክ ካመላለሷችሁ

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። ስልኩን የሚያነሳው ሰው የተሰጠውን ዝርዝር ነው የሚያነብላችሁ፤ በደወላችሁ ቁጥር ሌላ ሰው ስለሚያነሳም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። መፍትሄው በጽሑፍ መያዝ ነው። የቅሬታ ቁጥር ጠይቁ፣ ቀኑንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ባዮስ ውስጥ ሲርገበገብ በስልክ ቀርጻችሁ ከደረሰኙ ጋር ላኩላቸው። እኔ ያቺን የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከላክሁ በኋላ ፎርማት የሚል ቃል ዳግም አልሰማሁም፤ «ላኩልን» አሉኝ።

ዕቃው አዲስ ከሆነ አትዘግዩ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ደረሰኝ ከሌላችሁ ግን የምትከራከሩበት ነገር አይኖርም።

ከመላካችሁ በፊት ፋይላችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፣ ከታች ያለውን ሴሪያል ቁጥር ፎቶ አንሱ። ሲመለስ ደግሞ ሳትፈርሙ እዚያው ክፈቱት፣ ሴሪያሉን አመሳክሩ፣ ክዳኑንም ከፊት እስከ ኋላ ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት።