ላብ መለኪያ አይደለም፦ ኤም ኤስ ያለበት ሰው ስፖርት ሲጀምር የሚደጋገሙ ስህተቶች

መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) እግር ብቻ አይይዝም። የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር ነርቮችን የሸፈነው ማይሊን ሲጎዳ የማሰብ ፍጥነትም ይቀንሳል። ሰውየው መልሱን ያውቀዋል፣ ግን ይዘገይበታል። ቤተሰብ ደግሞ «ረሳ» ይላል።

«ካላላበኝ ምኑን ስፖርት ሆነ?» ይሄ አባባል ስንቱን አስተኝቷል! ማይሊኑ የተጎዳ ነርቭ ሙቀት አይችልም። የሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ሲጨምር እንኳ ነርቩ የሚያስተላልፈው መልእክት ሊዳከም ወይም ሊቋረጥ ይችላል፤ ዓይን ይደበዝዛል፣ እግር ይከብዳል፣ አፍ ላይ ያለ ቃል ይጠፋል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ዊልሄልም ኡትሆፍ ይህንኑ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው፤ እኛ ግን ዛሬም በቀትር ኮምቦልቻ ላይ ሰው እናስሮጣለን። ደሴ ብርድ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ጃኬት በጃኬት ደርቦ ዳገት የሚወጣ ሰው ከላይ ደሴ፣ ከውስጥ ኮምቦልቻ ነው። በማለዳ ውጡ። ሲሞቅ የሚወልቅ ስስ ልብስ ደርቡ፣ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጡ፣ እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ አድርጉ። ዓይን ሲደበዝዝ ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

ሰውነት ሲበርድ ያ ምልክት ይለቃል፤ አዲስ ጉዳት አይደለም። «በሽታዬ አገረሸ» ብሎ ስፖርቱን እርግፍ አድርጎ መተው ሌላው ስህተት ነው። አዲስ ምልክት ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ሽንት ያጣድፈኛል ብሎ ውሃ መተው ደግሞ ሽንቱን ያወፍርና ፊኛን ይብስ ያስቆጣል።

መጠኑን ማንም አይጠይቅም። በሳምንት 2 ቀን፣ በ10 ደቂቃ እርምጃ ጀምሩና ቀስ በቀስ 30 አድርሱት። ድካሙ ከአሥር አምስት ወይም ስድስት ይሁን፤ ማውራት ይቻላል፣ መዝፈን አይቻልም። ለጡንቻ፣ ግድግዳ ያስደገፋችሁት ወንበር ላይ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ተቀመጡ ተነሱ፤ 1 ወይም 2 ደቂቃ አርፋችሁ ድገሙት። ይህም በሳምንት 2 ቀን ነው። የደሴውን ጦሳ ተራራ እወጣለሁ ያለ ሰው ቁልቁለቱንም ይቁጠር፤ እግር ጫፍ ድንጋይ የሚመታው ሲመለሱ ነው። ከያዛችሁት ደቂቃ ግማሹ ሲሞላ ወደ ኋላ ተመለሱ።

በሞባይል እያወሩ ቁልቁለት መውረድ? እርምጃውና ወሬው አንድ ትኩረት ይሻማሉ። ሁለቱን ማለማመድ ከተፈለገ መጀመሪያ ተቀምጦ ከ100 ሦስት ሦስት እየቀነሱ መቁጠር፣ ቀጥሎ ሜዳ ላይ እየተራመዱ፣ አጠገብ ሰው እያለ።

«ስፖርት ትውስታህን ይመልሰዋል» ብሎ ቃል መግባት ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ኮግኤክስ ጥናት እየከፋ የሚሄደው የኤም ኤስ ዓይነት ያለባቸውን 311 ሰዎች ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ጊዜ አሠራ። ኤሮቢክሱም ሆነ የአእምሮ ልምምዱ፣ አንድ ላይም ሆነው፣ የማሰብ ፍጥነትን ከማነጻጸሪያው ቡድን የተሻለ አላደረጉትም። ስፖርት አቅምን ይጨምራል፣ ድካምንና ድብርትን ያቀልላል፤ እነዚያ ሁለቱ ራሳቸው ሐሳብን ስለሚያዘገዩ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላው የቤተሰብ ነው፤ ከስፖርት እንደተመለሰ «እስቲ ትናንት ምን በላህ?» እያሉ መፈተን። ለውጥ ለማየት ከስፖርቱ በፊት፣ አርፎ ሳለ፣ ሁሌም በተመሳሳይ ሰዓት ነው የሚለካው። ሐኪም ቤት ያለው፣ ቅርጽን ከቁጥር በማዛመድ የማሰብ ፍጥነትን የሚለካ ፈተና 90 ሰከንድ ብቻ ይፈጃል፤ ከ3 ፎቅ ደረጃ በኋላ ከተሠራ ግን የለካው ድካሙን ነው።