ለቅጽበት ከዜሮ በታች የሚወርድ ቮልቴጅ፦ የማይክሮኮንትሮለር ፒን ሲጠበቅ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በብዛት የሚታየው ስህተት በማይክሮኮንትሮለሩ ቺፕ ውስጥ ባሉት መከላከያ ዳዮዶች (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ክፍሎች) ብቻ መተማመን ነው። እነዚህ ዳዮዶች በዋናነት የተሠሩት ቺፑ በእጅ ሲነካና በቦርድ ላይ ሲገጠም ለሚያገኘው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ብልጭታ እንጂ፣ ረጅም ሽቦ ወይም የሪሌይ ጥቅልል በሥራ ሰዓት ደጋግሞ ለሚያመጣው አሉታዊ ቮልቴጅ አይደለም። ኤትሜጋ328ፒ የተባለው ማይክሮኮንትሮለር ዳታሺት (የአምራቹ መግለጫ ሰነድ) ከሪሴት በቀር ለማንኛውም ፒን ያስቀመጠው የመጨረሻ ወሰን ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልት ማጣቀሻው) በታች 0.5 ቮልት ነው። ከዚያ ሲያልፍ ከረንቱ በቺፑ ሲሊከን ውስጥ ይሰራጫል፤ ሲቀል የሌላ አናሎግ ፒን ንባብ ይዛባል፣ ሲከፋ ደግሞ ላች-አፕ (በቺፑ ውስጥ ከኃይል ወደ ግራውንድ ተከፍቶ በራሱ የማይዘጋ የከረንት መንገድ) ተፈጥሮ ኃይሉ እስኪቋረጥ ድረስ ቺፑ ራሱን ያግላል።

ሁለተኛው ስህተት ቮልቴጁን እያዩ ከረንቱን መርሳት ነው። ምልክቱ ወደ −5 ቮልት ቢወርድና የውስጡ ዳዮድ በ0.6 ቮልት ቢያስተላልፍ፣ በመስመሩ ላይ የገባ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር ከረንቱን በ4.4 ሚሊአምፔር ይገድበዋል፤ 10 ኪሎኦም ከሆነ ወደ 0.44 ይወርዳል። ለዘገምተኛ ምልክት፣ ለምሳሌ ለመጫኛ ቁልፍ፣ ከዚህ የረከሰ መከላከያ ያለ አይመስለኝም።

ከውጭ ዳዮድ የሚጨምሩም ቢሆኑ 1ኤን4148ን የመሰለ ተራ የሲሊከን ዳዮድ ይመርጣሉ። ይህ ዳዮድ የሚከፈተው ከውስጠኛው ጋር እኩል በሆነ ቮልቴጅ ስለሆነ ከረንቱን ይካፈላል እንጂ አይወስድለትም። በ1 ሚሊአምፔር 0.3 ቮልት አካባቢ የሚይዘው እንደ ባት54 ያለ ሾትኪ (በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚከፈት የዳዮድ ዓይነት) ግን ቀድሞ ይከፈታል፤ ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተባለው ማይክሮኮንትሮለር ዳታሺትም አሉታዊ ከረንት ሊገባባቸው በሚችሉ አናሎግ ፒኖች ላይ ከፒኑ ወደ ግራውንድ ሾትኪ እንዲገባ ይመክራል። ነገር ግን ሾትኪ ተዘግቶም ሳለ ጥቂት ከረንት ያፈሳል፣ ሙቀት ሲጨምርም ይብሳል፤ የምንጩ ሬዚስታንስ 100 ኪሎኦም ከሆነ 1 ማይክሮአምፔር ፍሳሽ የ0.1 ቮልት ስህተት ይፈጥራል።

ዳዮዱን ከፒኑ አርቆ በቀጭንና በረጅም መስመር ከግራውንድ ጋር ማገናኘትም ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

በመጨረሻ፣ የሌለ ችግር ማሳደድ አለ። የኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ለውጥ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ፕሮብ፣ ማለትም መለኪያ ዘንግ፣ ረጅም የግራውንድ ሽቦ በራሱ ኢንዳክታንስ ምክንያት በፒኑ ላይ የሌለ መወዛወዝ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ቦርዱን ከመቀየር በፊት በፕሮቡ ጫፍ ላይ በሚገጠመው አጭር የግራውንድ ስፕሪንግ ልክ ፒኑ ጋ እንደገና መለካት ያስፈልጋል።