የአሮጌ ሞተር ሳይክል ፍሬም ከውስጥ ሲዝግ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ፍሬሙን አራግፈው፣ አጥበው፣ ስንጥቅም ፈልገው ለጨረሱ ሰዎች ነው። የውጩን ዝገት ማንም ያየዋል። አስቸጋሪው ቱቦው ውስጥ ያለው ነው። የብዙ አሮጌ ፍሬሞች የቱቦ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ግማሹ ከውስጥ ተበልቶ እንኳ ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል።

ከመገጣጠሚያ ወይም ከትንሽ ቀዳዳ ቡናማ ውሃ ይወርዳል

ውስጡ ውሃ አለ። የገባው ክፍት በሆነ የቱቦ ጫፍ፣ በቡሎን ቀዳዳ ወይም በግፊት ሲታጠብ ነው። ሳይታጠብም ውሃ ይኖረዋል። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱን ብረቱ ላይ ያራግፋል። ፍሬሙን አዘንብላችሁ አፍስሱት፣ አድርቁት፣ ከዚያ ከታች የተጻፈውን የሰም ሥራ ሥሩ።

የታችኛው ቱቦ ላይ ቀለሙ ያብጣል

ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ቀለሙን ፋቁና በወስፌ ጠንከር አድርጋችሁ ውጉት። ከገባ ቱቦው አልቋል። እባካችሁ ስቱኮ ሞልታችሁ አትቀቡት! የሚነዳው ሰው ነው የሚሞተው። የተበላው ተቆርጦ ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ቱቦ፣ ሥራውን በሚያውቅ በያጅ ይቀየር። ለበያጁም ንገሩት፦ ሰም ወይም ዘይት ያለበት ቱቦ ይቀጣጠላል፤ ውሃ ያለበት የተዘጋ ቱቦ ደግሞ በእንፋሎት ሊፈነዳ ይችላል።

ባትሪው ስር ብቻ ተበልቷል

የባትሪ አሲድ ነው። በቤኪንግ ሶዳ ውሃ እጠቡት፣ የባትሪውን መተንፈሻ ጎማ ከፍሬሙ አርቁ።

ፍሬሙን ሲያገላብጡት ውስጡ ሽርር ይላል

ደጋግሞ እጄ የሚገባው ይሄ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ቆንጆ ቀለም ተቀብቶ ነው።

ምክንያቱ ሁለት ነገር ነው፣ ሁለቱም የሰው ሥራ ናቸው። አንደኛው አሸዋ ነው። ፍሬሙ ሳንድብላስት ሲደረግ፣ ማለትም ዝገቱና ቀለሙ እንዲላጥ አሸዋ በአየር ግፊት ሲረጭበት፣ አሸዋው በየቀዳዳው ገብቶ ታች ይጠራቀማል። አሸዋው እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱም ከዚያ እርጥበት ጋር ተጣብቆ ይከርማል። ሁለተኛው የተደፈነ ቀዳዳ ነው። በብዙ አሮጌ ፍሬሞች ቱቦ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ሲበየድ የጋለው አየር የሚወጣው በነሱ ነው፤ ታች ያሉት ውሃም ያስወጣሉ። ቀለም ቀቢው ግን ጉድለት ይመስለውና በስቱኮ ይደፍናቸዋል፣ ወይም ፓውደር ኮቱ (በዱቄት መልክ ተረጭቶ የሚጋገረው ቀለም) ራሱ ይዘጋቸዋል። ሥራ ሳይሆን ጥፋት ነው።

አንድ ፍሬም አስታውሳለሁ። ቀለሙ ላይ ጭረት አልነበረም፣ ባለቤቱም ብዙ ከፍሎበታል። ከሞተሩ ስር ያለውን ቱቦ ስዳስስ ቀዳዳው የለም። ቀለሙን በጥፍሬ ገፋ ሳደርገው ክብ ምልክት ታየ። በቀጭን መሰርሰሪያ ስከፍተው መጀመሪያ ቡናማ ውሃ ወጣ፣ ከዚያ እርጥብ አሸዋ፣ ከዚያ እንደ ቅርፊት የተላጠ ብረት። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ድምፁን የሰማው ቀለሙ ሳይቀባ ስለነበር ፍሬሙ በአንድ ከሰዓት ሥራ ተረፈ። ልዩነቱ ቀድሞ ማገላበጡ ብቻ ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። የተደፈኑትን ቀዳዳዎች ሁሉ ክፈቱ። መሰርሰሪያውን በጣታችሁ አዙሩት፣ ቀለሙን ብቻ ይብላ። አዲስ ቀዳዳ አትብሱ፤ በተለይ መሪው አንገትና የኋላው ሹካ የሚታሰርበት አካባቢ ስንጥቅ ይጀምራል። ከዚያ ፍሬሙን እያገላበጣችሁ በጎማ መዶሻ ምቱ፣ በኮምፕሬሰር ንፉ። መነጽር አድርጉ፤ አሸዋው የሚወጣው ባልጠበቃችሁት ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከበቃ ቀጭን ሰንሰለት አስገብታችሁ አወዛውዙ። ጫፉን በሽቦ እሰሩት፣ ውስጥ ከቀረ ሌላ ችግር ነው። «ወጣ» ካላችሁ በኋላም እንደገና አገላብጡት። የመጨረሻው ጭብጥ ሁልጊዜ መገጣጠሚያ ጥግ ላይ ነው የሚቀረው።

ዝገቱ ከባድ ከሆነ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን የዝገት መቀየሪያ አስገቡ፣ ፍሬሙን አዙሩ፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ። ጓንት አትርሱ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቱቦ ውስጥ በፍጹም አታፍስሱ፤ ጥግ ላይ የቀረው ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል። አጥባችሁ ወዲያው በሙቅ አየር አድርቁ። መድረቁን ለማወቅ ሙቅ አየር በአንድ በኩል እየገባ በሌላው ቀዳዳ ላይ ቀዝቃዛ መስታወት ያዙ። ጉም ከያዘ ገና ነው።

አሁን ሰሙ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፦ ፓውደር ኮት ምድጃ ውስጥ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚጋገር ሰሙ ከቀለሙ በኋላ ነው የሚገባው። ቀድሞ ከገባ ቀልጦ ይወጣና ቀለሙን ያበላሻል። ለመኪና በር ውስጥ የሚረጨውን ሰም በረጅም ቀጭን ጎማ፣ ዙሪያውን በሚረጭ አፍንጫ እስከ መጨረሻው አስገቡና እየረጫችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ፍሬሙን በየጎኑ አስተኙት። የተረፈው ይንጠባጠብ። ሲጨርስ የታችኛዎቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ፤ ሰሙ ራሱ ይደፍናቸዋል፣ ያኔ ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሳችሁ።

ሰም ካጣችሁ «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው የተልባ ዘይት (boiled linseed oil) ጥሩ ነው። የብረት ቱቦ ያላቸው አሮጌ አውሮፕላኖችም ውስጣቸው በዚሁ ይጠበቅ ነበር። ነገር ግን የጠረጋችሁበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊነድ ይችላል! ውጭ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ክተቱት።

አንድ ነገር ከሁሉ በፊት አረጋግጡ። አንዳንድ ፍሬሞች የሞተሩን ዘይት የሚይዙት ቱቦ ውስጥ ነው። ከ1971 ጀምሮ የወጡት ባለ 650 ሲሲ ትሪምፍና ቢኤስኤ እንዲሁም ያማሃ ኤክስቲ 500 እንደዚያ ናቸው። እዚያ ሰም ከረጫችሁ የዘይት መንገዱ ይዘጋል። አሸዋ ከቀረበት ደግሞ ሞተሩን ይፈጨዋል። እንዲህ ያለውን ቱቦ ሳንድብላስት ከመደረጉ በፊት አፉን ሁሉ በደንብ ድፈኑ፣ ሲያልቅም በማሟሟያ ዘይት ደጋግማችሁ እጠቡ።

ቱቦው ውስጥ ፎም ተሞልቷል

አንዳንዱ ውሃ እንዳይገባ ብሎ የሚያብጥ ፎም ይሞላል። ውሃው በጎን ይገባል፣ መውጫ ግን አያገኝም። በሽቦ እየቆፈራችሁ አውጡት። በእሳት አታቃጥሉት፣ ጭሱ መርዝ ነው።

ተሸፍኖ ቆሞ እያለ ዘገተ

የፕላስቲክ ልብስ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ አልብሱት። ከመሬት አንሱት። የታችኛውን ቀዳዳ በየዓመቱ በሽቦ ፈትሹ፣ ሽቦው ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሰሙን ድገሙ።