ተማሪዎች ማስታወሻቸውን ሲያደራጁ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ጥናታዊ ጽሑፍ እንዲጽፉ የታዘዙ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚቸገሩት መረጃ አጥተው አይደለም። ደብተሩ ሞልቷል፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ግን አልመጣም። ጥፋቱ ያለው በንባብና በጽሕፈት መካከል ባለው፣ ብዙ ጊዜ በችኮላ በሚታለፈው ሥራ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ማስታወሻን በምንጭ መደርደር ነው። ተማሪው ከአንዱ መጽሐፍ ያገኘውን በአንድ ገጽ፣ ከሌላው ያገኘውን በሌላ ገጽ ይጽፋል። ሲጽፍም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄድና ጽሑፉ የሦስት መጻሕፍት ማጠቃለያ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው በአንድ ካርድ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ማስፈር ነው፤ ካርድ ከቦታ ቦታ ይዛወራል፣ የደብተር ገጽ ግን አይዛወርም። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኒክላስ ሉማን 90,000 ያህል ካርዶችን ቁጥር እየሰጠ ያከማቸው፣ አንዱ ሐሳብ ከሌላው ጋር በቀላሉ እንዲገናኝ ብሎ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የእኛ የመምህራን ነው፤ ከሁሉም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰውም እርሱ ይመስለኛል። ንዑስ ርዕሶቹን አስቀድመን በሰሌዳ ላይ እንጽፍና ተማሪዎች ማስታወሻቸውን በየሥሩ እንዲሞሉ እናደርጋለን። ሥራው ይቀልላል፤ ማሰቡን ግን ከእጃቸው ወሰድንባቸው ማለት ነው። ስለ ንብ የሚያጠና አንድ ተማሪ እነዚህ አራት ካርዶች አሉት እንበል፦ ንግሥቲቱ በቀን እስከ 2,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ሠራተኛ ንብ በበጋ የምትኖረው ስድስት ሳምንት ገደማ ነው፤ እጭ ንግሥት ወይም ሠራተኛ የሚያደርገው የሚመገበው ምግብ ነው፤ ንቦች አበባ ያለበትን አቅጣጫና ርቀት በጭፈራ ይነጋገራሉ፣ ይህን የደረሰበት ካርል ፎን ፍሪሽም እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። «ንግሥት»፣ «ሠራተኛ» የሚል ርዕስ ከሰጠነው ካርዶቹን ከፋፍሎ ይጨርሳል። ካልሰጠነው ግን ስለ ምግቡ የሚናገረውን ካርድ ይዞ ያመነታል፤ የንግሥቲቱም የሠራተኛዋም ነውና። ያ ማመንታት ውድ ነው። ጥቂት ቆይቶ «ቀፎው ሥራውን የሚከፋፍለው እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ሊያገኝ ይችላል፤ ጽሑፉም አከርካሪ አገኘ። ስለዚህ ካርዶቹን መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ይበትኑ፣ የሚቀራረቡትን ያሰባስቡ፣ ስም የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ይሁን። ስሙም ከነጠላ ቃል ይልቅ ጥያቄ ቢሆን እመርጣለሁ።

ቃል በቃል መገልበጥ ሌላው ችግር ነው። ተማሪው ያልገባውን ዓረፍተ ነገር የት እንደሚመድበው ሊያውቅ አይችልም። አንብቦ መጽሐፉን ይክደን፣ ያስታወሰውን በራሱ ቃል ይጻፍ፣ ከዚያ ገልጦ ያመሳክር። እንዳለ መወሰድ ያለበት ጥቅስ ከሆነ፣ ሲገለብጥ ወዲያውኑ የጥቅስ ምልክት ያድርግበት፤ በኋላ የማን ቃል እንደሆነ ይጠፋዋል።

ምንጭና ገጽ በየካርዱ ጥግ ይጻፍ። ይህን «በኋላ እሞላዋለሁ» ማለት አይሠራም።

ብዙ ተማሪዎች ደግሞ የሰበሰቡትን ሁሉ መጠቀም ይፈልጋሉ። የደከሙበት ነውና አይፈረድባቸውም። እኛ ግን መጣልም የጽሕፈት ክፍል መሆኑን በግልጽ ልንነግራቸው ይገባል። ከጥያቄው ጋር የማይሄድ ካርድ፣ የቱንም ያህል አስደናቂ ቢሆን፣ ለብቻው በፖስታ ይቀመጥ። እንዳልተቃጠለ ካወቁ ለመለየት አይሰስቱም።

በመጨረሻም፣ ማደራጀት ሲጀመር ንባብ አበቃ ብሎ ማሰብ አለ። አንዱ ክምር አሥር ካርድ፣ ሌላው አንድ ብቻ ሲይዝ ተማሪው ይደነግጣል፤ ወይም ሣሣውን ክምር በባዶ ቃላት ይሞላዋል። በእርግጥ ቀጥሎ ምን ማንበብ እንዳለበት የነገረው ያ ሣሣ ክምር ነው። ቤተ መጻሕፍት ለመመለስ ጊዜ ስጡት፤ ስለዚህ የማደራጃውን ክፍለ ጊዜ ረቂቅ ከሚያስረክብበት ቀን ዋዜማ ላይ አታድርጉት። ክምሮቹ ከሞሉ በኋላም ቢጋሩን፣ ማለትም የጽሑፉን ንድፍ፣ ከመጻፉ በፊት ካርዶቹን እየጠቆመ ነገሩን በቃሉ ለጓደኛው ይተርክ። የተደናቀፈበት ቦታ ላይ የካርዶቹን ቅደም ተከተል ይለውጥና እንደገና ይሞክር።