ዮጋን ቤታችን ውስጥ እንዴት እንጀምር? ከአንደበት እስከ ትንፋሽ

ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን እግሩን አንገቱ ላይ የጠመጠመ ሰው ነው። የሳንስክሪቱ ቃል ሥር ግን መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው። ገበሬ ሁለት በሬ በአንድ ቀንበር እንደሚጠምድ፣ ሰውነትንና ሐሳብን በትንፋሽ አጣምሮ እኩል ማስኬድ ነው። ጥንታዊው የሕንድ ሊቅ ፓታንጃሊ ዮጋን በ8 ክፍል ሲያስቀምጥ ያስቀደመው ከሰው ጋር የምንኖርበትን ሥነ ምግባር ነው። የሰውነት አቀማመጡ 3ኛ ነው። እኔም የምመክረው በዚሁ መንገድ መጀመርን ነው።

መጀመሪያ አሂምሳን ያዙ። በእጅም፣ በአንደበትም፣ በሐሳብም አለመጉዳት ማለት ነው። ለአንድ ሳምንት አንደበትን ብቻ ጠብቁ፤ የሚከብደው እሱ ነው። የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲጋፏችሁ፣ ልጅ ወተት ሲደፋ፣ ከመናገራችሁ በፊት አንዴ በረጅሙ ተንፍሱ። ይሄ ራሱ ዮጋ ነው። አለመጉዳት ራሳችሁንም ይጨምራል። ስለዚህ የሚያም እንቅስቃሴ ወዲያው ይቁም።

ልምምዱን ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበሉ አድርጉት። 20 ደቂቃ ይበቃል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን።

ጋቢ አጣጥፋችሁ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ዳሌ ከጉልበት ከፍ ሲል ወገብ በቀላሉ ቀና ይላል። መሬት ከከበዳችሁ ወንበርም ይሆናል። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አየር አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። አስር ጊዜ ያህል። ይህን ስትለምዱ ናዲ ሾዳናን ሞክሩ። የቀኙን የአፍንጫ ቀዳዳ በአውራ ጣት ዘግታችሁ በግራው አስገቡ። ግራውን በቀለበት ጣት ዘግታችሁ በቀኙ አስወጡ። በቀኙ መልሳችሁ አስገቡና በግራው አስወጡ። ይህ አንድ ዙር ነው፤ 5 ዙር ይበቃል። ትንፋሽ አምቆ መያዝ ለጀማሪ አያስፈልግም፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና የደም ግፊት ያለበት ሰው አይሞክረው።

ቀጥሎ እንደሚድህ ሕፃን በእጅና በጉልበት ሁኑ። ስታስወጡ ጀርባችሁን እንደ ድመት አጉብጡ፣ ስታስገቡ ደረታችሁን ክፈቱ። ከዚያ ዳሌያችሁን ተረከዛችሁ ላይ አሳርፋችሁ ግንባራችሁን መሬት አስነኩ። ስግደት ለለመደ ሰው ይህ አዲስ አይሆንም። ፓታንጃሊ ስለ አቀማመጥ ያለው አጭር ነው፤ የጸናና የተመቸ ይሁን።

“ከሃይማኖቴ ጋር አይጋጭም ወይ?” የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የዮጋ ሥር የሕንድ እምነቶች ውስጥ ነው፤ ያንን መደበቅ አይገባም። በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ የሰፈረውም በኅዳር 2009 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገ ስብሰባ፣ በሕንድ ስም ነው። ኅሊናችሁ ካልፈቀደ ማንትራውን፣ ማለትም አንዳንዶች በልምምዱ ጊዜ እየደጋገሙ የሚሉትን ቅዱስ ቃል፣ ተዉት፤ የንስሐ አባት ወይም ሼህ ያላችሁም አማክሩ።

የመጨረሻው ሻቫሳና ነው። ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው። በጀርባ ተኙ፣ እጆቻችሁን ዘርጉ፣ መዳፋችሁ ወደ ላይ ይሁን። ሰውነት ስለሚቀዘቅዝ ጋቢውን ልበሱት። መንጋጋችሁን፣ ትከሻችሁን፣ ሆዳችሁን አንድ በአንድ ልቀቁ። ሐሳብ ይመጣል፤ አታባርሩት፣ ወደ ትንፋሻችሁ ብቻ ተመለሱ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በቀኝ ጎናችሁ ዞራችሁ፣ እጃችሁን ተደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተነሡ። ስልኩን ሳታነሡ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጡ።