ተጨማሪ መብራት ስታስገጥሙ ሪሌይ አትርሱ

የጣርማ በርን ጭጋግ የሚያውቅ ሰው መኪናው ላይ ተጨማሪ የጭጋግ መብራት ቢያስገጥም አይገርምም። ግን መብራቱን በቀጥታ በዳሽቦርዱ ማብሪያ በኩል አታገናኙ። ባለ 55 ዋት ሁለት አምፖል በ12 ቮልት ወደ 9 አምፒር ይስባል። ትንሿ ማብሪያና ቀጭኑ ሽቦ ይህን አይችሉትም። መጀመሪያ ይግላሉ፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

መፍትሄው ርካሽ ነው፤ አንድ ባለ 4 እግር ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ። እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ ይመጣል፣ 87 ወደ መብራቱ ይሄዳል። 86 ከማብሪያው፣ 85 ደግሞ ከመኪናው ቦዲ ጋር ይገናኛል። በማብሪያው በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ከግማሽ አምፒር በታች ስለሆነ ቀጭን ሽቦ ይበቃዋል። ከባትሪ ወደ መብራት የሚሄደው ግን ወፍራም ይሁን፤ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ጥሩ ነው።

እባካችሁ ፊውዙን አትዝለሉ! ለዚህ ጭነት ባለ 15 አምፒር በቂ ነው። ቦታው ደግሞ ባትሪው አጠገብ ነው። መብራቱ ጋ ከተቀመጠ፣ መሃል ላይ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ቢነካ ምንም አያድናችሁም። እሳት የሚነሳውም በዚህ መንገድ ነው።

ኤሌትሪሺያን ቢሠራላችሁም ኮፈኑን ከፍታችሁ ፊውዙ የት እንዳለ አሳዩኝ በሉት። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀል።